ሳምራ የቀረችበት መዝገብ

እኔ የትምወርቅ ውሸታም አይደለሁም። ዲላ ውስጥ አርባ ዓመት ስኖር የሰው ዕቃ አልነካሁም፣ በሰው ላይ በሐሰት አልመሰከርኩም። ለቀበሌ መዋሸት ግን በኛ ሰፈር ውሸት አይባልም። በቀበሌ ቤት ደባል ማስገባት ክልክል ነው፤ ደባል የሌለበት ቤት ደግሞ አልነበረም። ደብተር የያዘ ሰው በቅያሱ ብቅ ሲል ደባሉ ሁሉ የአክስት ልጅ ይሆናል፣ ለጥየቃ የመጣ ዘመድ ይሆናል። ሁላችንም እንዲህ ነው የኖርነው።

የኔ ደባል ሳምራ ናት። ሬኮ ከሚባል ገጠር መጥታ ቡና መጋዘን በለቃሚነት ስትቀጠር ጓዳዬን ሰጠኋት፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመቷ። ደባል አልኳት እንጂ የወለዱት ልጅም እንደሷ አይሆን። የሐሞት ጠጠር የተነሳብኝ ለታ ባጃጅ ጠፍቶ፣ በዚያ ጭቃ አዝላ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከጥምቀት በኋላ አንድ ጎረምሳ ደብተር ይዞ መጣ። ሳምራ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

"እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?"

"እኔ ብቻዬን ነኝ" አልኩት።

"እሷስ?"

"የእህቴ ልጅ ናት፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው፣ ነገ ትሄዳለች።"

"እርግጠኛ ነዎት እማማ?"

"ምን ነካህ! የእህቴን ልጅ ላላውቃት ነው?" ብዬ ጮህኩበት። ይፈርሙ አለኝ፣ ፈረምኩ። ገና ከግቢው ሳይወጣ ከሳምራ ጋር በሳቅ ፈረስን።

ለካ ምዝገባው ሌላ ነው! ሰፈራችንን አንድ ባለሀብት ለአፓርታማ ወስዶታል። ከተማው ደግሞ ግዴታ ጥሎበታል፤ በቦታው ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ለኖረ ሁሉ፣ ደባልም ይሁን፣ ከሚሠራው ሕንፃ አንድ አንድ ክፍል በአነስተኛ ኪራይ ይሰጣል። ማን እንደኖረ የሚያውቀው ያ የጎረምሳው ደብተር ነው። ግማሹ ሰፈር እንደኔ ነው ያስመዘገበው።

ቤታችን ገና ሳይፈርስ ፊት ለፊታችን ሜዳ ላይ የተጀመረው ሕንፃ አልቆ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ እኔ አለሁ፣ ሳምራ የለችም።

"ይናገሩልኛል አይደል፣ እትዬ?" አለችኝ።

"ታዲያስ! የቅሬታ ቀን አለ። እኔ ነኝ የማስገባሽ" አልኳት። ከልቤ ነበር።

በቀኑ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው አቶ ሙሉጌታ ጨዋ ሰው ነው። አጠገቡ የባለሀብቱ ጉዳይ ፈጻሚ ገሪማ ተቀምጧል፤ አንድ ስም በቀረ ቁጥር አንድ ክፍል ለሽያጭ ይመለስላቸዋል፣ ታዲያ ምን ይከፋዋል? ገና አፌን ስከፍት የፈረምኩበትን ወረቀት አውጥቶ አነበበው። ከግርጌው "የሐሰት መረጃ የሰጠ የቤት መብቱ ይሰረዛል" ይላል። ስፈርም መነጽሬን እንኳ አላደረግኩም ነበር።

"እንግዲህ እትዬ የትምወርቅ፣" አለ አቶ ሙሉጌታ፣ "ልጅቷ እዚህ ኖራለች ካሉ እሷ ትገባለች፣ የእርስዎ ግን ይሰረዛል። እንግዳ ናት ካሉ መዝገቡ እንዳለ ይጸናል። የቱ ነው?"

ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዘመድ የለኝ፣ ጡረታ የለኝ። የት ልውደቅ? እሷ ወጣት ናት፣ ሠርታ ትበላለች፣ እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። "እኔ..." አልኩና ቀረሁ።

ሳምራ ፊቴን አየችው። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

"ጋሼ፣ እኔ የዚህ ነዋሪ አይደለሁም። እሳቸውን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"መቼ መጣሽ?" አለ ገሪማ እየሳቀ።

"ትናንት።"

ዝም አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዝም አልኩ! በዚያ ጎረምሳ ላይ የጮኸው አፌ የት እንደገባ እንጃ። አቶ ሙሉጌታ ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን መታ።

ቁልፍ የተረከብኩ ቀን ዕቃዬን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣችው ሳምራ ናት። ብርድ እንዳይመታኝ ብላ አልጋዬን ከመስኮቱ አራቀችልኝ፣ መድኃኒቴን ራስጌዬ አስቀመጠችልኝ። እዚሁ እደሪ ልላት አሰብኩ። ግን ውሉ "ለብቻ" ይላል፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ቤቴን እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ።

ስትጨርስ ፍራሿን ጠቅልላ ተሸከመች። ከከተማው ወጣ ብሎ ጪጩ የምትኖር የመጋዘን ጓደኛዋ ጥግ ሰጥታታለች። ጉንጬን ሳመችኝና ወረደች። በመስኮት አየኋት፤ አስፋልቱ ዳር ቆማ ፍራሹን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ታዛውራለች። አንዴ ብጠራት ትመለስ ነበር፣ አውቃታለሁ። አልጠራኋትም።