ሳይረሳ የቀረ ቁጥር

ወይዘሮ ወለተማርያም ችካሉን ከነጭቃው አምጥተው ከሄራን ኪቦርድ አጠገብ አስቀመጡት። አልጮኹም። ቁልቁለቱን በእግር ወርደው፣ አዲሱ ገበያ ድረስ በታክሲ መጥተው፣ ፎቁን በደረጃ ስለወጡ መጀመሪያ ትንፋሻቸውን መሰብሰብ ነበረባቸው።

«ይሄ የእናንተ ነው?»

ሄራን ችካሉን አገላብጣ አየችው። ጫፉ ቀይ ተቀብቷል፤ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር የቀያሻቸው የቶሎሳ እጅ ጽሑፍ ነው። የእነሱ መሆኑን ነገረቻቸውና ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም።

«ጓሮዬ ውስጥ ነው የነቀልኩት» አሉ። «ልጄ ስትወልድ ሆስፒታል በከረምኩበት ሰሞን ገብታችሁ ተክላችሁታል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሕንፃ ሊሠራ ያመጣው ኤክስካቫተር እሱን እያየ መጣ። አጥሩን ገነጠለው፤ የማድ ቤቴ ግድግዳ ጉድጓድ ገባ። ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ጸሐይ ከነልጇ የተኛችበት ነው።»

ፎርማኑን ለምነውት ነበር። እሱ ግን የሚያውቀው ችካሉን ብቻ እንደሆነ፣ ችካሉን የተከለው ቢሮ ተሳስቻለሁ ካላለው ከምሳ በኋላ ቁፋሮውን እንደሚቀጥል ነገራቸው። ባለሕንፃው ክረምቱ ሳይገባ መሠረቱን አውጡልኝ ብሎ ቁም ስቅል እያሳየው ነው አሉ።

ንግግሩን ሰምቶ ኢንጂነር ታረቀኝ ከክፍሉ ወጣ። የቅየሳ ቢሮው የእሱ ነው። ቶሎሳ መሬት ላይ ይለካል፣ ይቸክላል፤ ሄራን ኮምፒውተር ላይ ታሰላለች፣ ትስላለች። ታረቀኝ ሴትዮዋን በትሕትና ሰላም ካለ በኋላ ችካሎቹ የሚተከሉት ከመንግሥት በመጣ ቁጥር መሆኑን፣ ቅሬታ ካላቸው ወረዳው ክፍት እንደሆነ አስረዳቸው።

«አንዳንዴ እኮ አጥሩ ራሱ ያለቦታው የታጠረ ይሆናል፣ እናቴ» አለ።

«ያንን አጥር አባቴ ሲያጥሩት አንተ አልተወለድክም» አሉት።

ሄራን በዚህ መሀል የቦታውን ፋይል ከፍታ ነበር። የቀያሹ ቁጥሮች ገብተውበት ወሰኑ ተሰልቶ የሚወጣበት አንድ ፕሮግራም አላቸው፤ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ መሳያ ውስጥ የሚሠራ፣ ሊስፕ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ። ታረቀኝ ራሱ በወጣትነቱ የጻፈው ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ሳያነሳ አያልፍም። ሄራን አስነሳችው። ወሰኑ ስክሪኑ ላይ ተሰመረ፤ የእማማ ወለተማርያምን አጥር በውጭ በኩል ታክኮ አለፈ።

«ኢንጂነር፣ እሳቸው ልክ ናቸው» አለች። «ችካሉ ወደ ግቢያቸው ሦስት ሜትር ያህል ገብቷል።»

ይህን በሴትዮዋ ፊት መናገሯ ታረቀኝን አበሸቀው። እማማን ኮሪደር ላይ እንዲጠብቁ ጠየቃቸውና ቶሎሳን ጠራው። ቶሎሳ መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ ከፍቶም አሳየ። የተከለው በተጫነለት ቁጥር ነው፤ አንድም ዝንፍ አላለም። የተጫነለት ቁጥርና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይገናኙም። ሁለቱም የወጡት ከሄራን ኮምፒውተር ነው።

ታረቀኝ ሄራንን ወደ ክፍሉ አስገብቶ በሩን ዘጋው።

«ያው ፕሮግራም፣ ያው ፋይል፣ ሁለት ዓይነት መልስ አይሰጥም» አለ። «ስለዚህ አንዱን በእጁ የነካ ሰው አለ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንቺ ነው።»

«እኔ ምንም አልነካሁም።»

«ባለሕንፃው ምን ሰጠሽ?»

ሄራን መጀመሪያ የሰማችውን ማመን አቃታት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የገባችው እዚህ ቢሮ ነው፤ ሌላ ቦታ ሠርታ አታውቅም። ስንትና ስንት ሰው «ትንሽ ወዲህ ሳብ አድርጊልኝ» እያለ ለምኗታል፣ ስንቱን ፊት ነስታ መልሳለች፤ ይህን ታረቀኝ በደንብ ያውቃል። ፊቷ ጋለ። እንባ አልመጣባትም፤ ያማራት የሚወረወር ነገር ነበር።

«ለፎርማኑ ይደውሉና ቁፋሮውን ያስቁሙ» አለች በመጨረሻ። «እኔን በኋላ ይደርሱብኛል።»

ታረቀኝ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ተሳስቻለሁ ብሎ ለማንም እንደማይደውል ነገራት። አንድ ቢሮ ስሙ የሚጠፋው እንዲህ ሲል ነው። ንጹሕ ከሆነች ምክንያቱን ፈልጋ ታምጣ።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ተቀመጠች። ፕሮግራሙን ከፈተችው። ሊስፕ ቅንፍ በቅንፍ ነው፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ በቅንፍ ይታሰራል፣ ቅንፉ ሌላ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻው ላይ የመዝጊያ ቅንፎች ብቻ ተደርድረው ይቀራሉ። የትኛው የትኛውን እንደሚዘጋ ለማወቅ ከውስጥ ወደ ውጭ እየቆጠሩ መውጣት ያስፈልጋል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሥራ ትወደው ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ቅንፍ የሚያላግጥባት መሰላት።

ቅንፎቹን ፈተሸች፤ የጎደለ የለም። በየመሀሉ «አሁን የያዝከውን ቁጥር አሳየኝ» የሚል ትእዛዝ አስገባች። ያለ ምንም ኮተት እንዲጀምር ብላ አውቶካድን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ፕሮግራሙን አስነሳች። ልክ ነው። ፋይሉን ከዋናው ማስቀመጫ እንደገና አወረደች፤ ዘጋች፣ ከፈተች። አሁንም ልክ ነው። እየዘጋች እየከፈተች ደጋገመችው፤ ወሰኑ በየጊዜው አጥሩን በውጭ በኩል ታክኮ ያልፋል። ልክ በሆነ ቁጥር የእሷ ጥፋት እየተረጋገጠ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ታረቀኝ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«አየሽ አይደል?» አላት። «ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው።»

ሄራን አውቶካድን እንደገና ዘጋች፣ ከፈተች።

ከኮሪደሩ የእማማ ወለተማርያም ድምፅ ይሰማል። ጸሐይን በስልክ ልጁን ይዛ ጎረቤት እንድትገባ እየነገሯት ነው። ጸሐይ የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው፤ ተነሽ ስትባል የምትነሳ አይደለችም። እማማ «ቀስ ብለሽ፣ ግድግዳውን ሳትደገፊ» ይላሉ። ከዚያ ደግሞ «እሱን ግድግዳ አትንኪው አልኩሽ» ይላሉ።

ቶሎሳ መሣሪያውን አቅፎ ግድግዳው ሥር እንደቆመ ነው። እሱም ተጠርጣሪ መሆኑ ገብቶታል። ሄራን ዞር ብላ አየችውና ያን ቀን ቁጥሩን ከመላኳ በፊት ምን እየሠሩ እንደነበር ጠየቀችው።

«ጠዋት ከእጽዋት ማዕከሉ በታች ያለውን ቸክለን ነበር» አለ። «ያንን ከመንግሥት ነጥብ ሳይሆን ከራሴ ጊዜያዊ ነጥብ ተነስቼ የለካሁትን፣ ቁጥሩን የሚያቃና ማስተካከያ የሚጨመርበትን። እሱን ስጨርስ ደወልኩልሽና የእሳቸውን ጎረቤት ቦታ ቁጥር ላክሽልኝ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው። ስልኩን ሳልዘጋ።»

ሄራን እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ፕሮግራሙን የሞከረችው አውቶካድን ዘግታ እየከፈተች ነው። ያን ቀን ግን አልዘጋችም። አሁን የእጽዋት ማዕከሉን ሥራ አስነሳች፤ ሲያልቅ ምንም ሳትነካ፣ ምንም ሳትዘጋ፣ የእማማን ጎረቤት ቦታ አስከተለች። ወሰኑ ተሰመረ። አጥሩን ጥሶ፣ ማድ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ አለፈ።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ አለች፤ መልሳ ተቀመጠች። ትእዛዝ መጻፊያው ላይ ፕሮግራሙ ማስተካከያውን የሚይዝበትን ስም ጻፈችና ምን እንደያዘ ጠየቀችው። ሥራው ስላለቀ ባዶ ነኝ ማለት ነበረበት። የእጽዋት ማዕከሉን ቁጥር መለሰላት።

ሊስፕ ላይ አንድ ፕሮግራም ለጊዜው ብቻ የሚጠቀምባቸው ስሞች በአናቱ፣ ከአንዲት ዘመም ያለች መስመር፣ ከእዝባር፣ በኋላ ይመዘገባሉ። እዚያ የተመዘገበ ስም ሥራው ሲያልቅ የያዘውን ይረሳል፤ ያልተመዘገበ ግን አውቶካድ እስኪዘጋ ድረስ ይዞት ይቆያል። ሄራን ወደ ፕሮግራሙ አናት ወጣች። እዝባሯ አለች፤ ከእሷ በኋላ ግን አንድም ስም የለም። ማስተካከያ የሌለው ቦታ ሲመጣ ፕሮግራሙ ከእሱ በፊት የተሠራውን ቦታ ማስተካከያ እየጨመረበት ኖሯል።

ስሞቹን ማን እንደሰረዛቸው ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። ከፋሲካ በኋላ ፕሮግራሙ አንድ ቀን አልሠራ ሲል ታረቀኝ እሷን አስነስቶ ወንበሯ ላይ ሲፈትሽ ውሏል። እንዲህ ዓይነት ፍተሻ ላይ ስሞቹን ለጊዜው መሰረዝ የተለመደ ነው፤ ፕሮግራሙ ከቆመ በኋላ እያንዳንዱ ምን እንደያዘ ለማየት ይረዳል። ሲጨረስ ግን ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ታረቀኝ ያን ቀን «ፈታሁት» ብሏት ተነስቶ ሄደ። ሄራን ታስታውሳለች፤ አመስግናዋለች እንኳ።

ታረቀኝን ጠራችውና ሁለቱን ሥራዎች አከታትላ አስነሳችለት። ከዚያ አናቱን አሳየችው። ታረቀኝ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ አድርጎ እንደገና አነበበ። እዝባሯን ሲያይ የገባው ነገር ፊቱ ላይ ታየ። ስልኩን አወጣና ለፎርማኑ ደወለ። ቁፋሮው እንዲቆም፣ ኤክስካቫተሩ ከጉድጓዱ አፍ እንዲርቅ፣ የቀረው ግድግዳ ሥር ቶሎ በእንጨት እንዲደገፍ አሳሰበው። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«የመስክ ሠራተኛ ስህተት ነው» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት እናስተካክላለን።»

ቶሎሳ ከኋላው ቆሟል። ታረቀኝ ስልኩን ሲዘጋ ሄራን ቀና አለች።

«ቶሎሳ አልተሳሳተም።»

«የመስክ ስህተት የትም አለ፤ ሰው አይደነግጥበትም» አለ ታረቀኝ። «ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነበር ብዬ ላውራ? ነገ የሠራሁለት ሰው ሁሉ በሬ ላይ ይሰለፋል።»

«ይሰለፍ።»

«ሄራን።»

«ጠዋት እኔን ሌባ አሉኝ። አሁን እሱን ደንቆሮ አሉት። የሰረዙት ግን እርስዎ ነዎት።»

ታረቀኝ ይቅርታ የሚል መስሏት ነበር። «ተናድጄ ነው፣ እ... በቃ እርሺው» አለ። ስሞቹን ወደ ቦታቸው እንድትመልስ፣ የተበላሸውን ኮፒ ከኮምፒውተሩ ላይ እንድታጠፋ፣ የሴትዮዋን ማድ ቤት ቢሮው እንደሚያሠራና ከዚህ በላይ ነገሩ እንዳይወራ ነግሯት ወደ ክፍሉ ገባ።

ሄራን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እማማ ወለተማርያም በመጨረሻ ተቀምጠው ነበር። ቁፋሮው መቆሙን ነገረቻቸው፤ ቁጥሩ የተበላሸው እዚሁ ቢሮ ውስጥ እንደሆነ፣ ቶሎሳ የተሰጠውን እንደተከለም ጨመረችላቸው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ተነሱ። ምስጋና አልጠበቀችም፤ እሳቸውም አላመሰገኑም።

«ሌላስ ሰው ጓሮ እንዲህ ገብታችኋል?» አሏት።

ሄራን ግድግዳውን ይዘው ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱ ቆማ አየቻቸው።

ተመልሳ ስትቀመጥ መጀመሪያ ያደረገችው የተበላሸውን ፕሮግራም በሌላ ስም ቀድቶ ማስቀመጥ ነበር። ስሞቹን ከእዝባሯ በኋላ አንድ በአንድ የመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የወጡትን ሥራዎች በወጡበት ቅደም ተከተል መልሶ አስነስቶ የትኛው ወሰን የት ላይ እንደሳተ ማየት የሚቻለው በተበላሸው ብቻ ነው። የተስተካከለው ሁሉንም ልክ አድርጎ ያሳያል፤ መሬት ላይ ያለውን ግን አያውቅም።

ቶሎሳ መሣሪያውን ሳጥኑ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ከፋሲካ ወዲህ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ የቸከልክባቸውን ታስታውሳለህ?» አለችው።

ቶሎሳ ወደ ታረቀኝ በር ተመለከተ። «አሁን?»

«አሁን» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

ሳጥኑን መሬት ላይ ተወው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና አገጩን እያሻሸ አሰበ። «ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው አለ፣ እነበዳሳ ግቢ» አለ። «እነሱ ግን አጥሩን በድንጋይ ገንብተው ጨርሰዋል።»

የታረቀኝ በር ተከፈተ። ሄራን ዞር አላለችም። እነበዳሳ የተቸከለላቸው ቀን የወጣውን የመጀመሪያ ሥራ በተበላሸው ፕሮግራም አስነሳች፤ አልቆ ሲቆም፣ ምንም ሳትዘጋ፣ የበዳሳን ፋይል አስከተለች።