ጠመንጃው እስኪገጠም

የጠጋኙ ቤት ሕግ ይሄ ነው፦ ጠመንጃ ከተፈታ በሩ ይቆለፋል። አለቀ! ቁልፉ ጠጋኙ ኪስ ይገባል፤ ጠመንጃው ተመልሶ እስኪገጠም ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትወጣው። ድሮ አንድ ደንበኛ "መጣሁ" ብሎ ሲወጣ ጫማው ሶል ላይ አንዲት ሚጢጢ ሞላ ተሰንቅራ አብራው ሄደች አሉ። ሰውየው ተመለሰ፣ ሞላዋ ግን እንደወጣች ቀረች። ከዚያ ወዲህ በሩ ይቆለፋል።

አሁን በዚህ ቤት ውስጥ ፌንጣን አስቧት! የጠጋኙ ልጅ ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፌንጣ ያሏት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። እየበላች ትነሳለች፣ እያወራች ትነሳለች፣ ተኝታም ትነሳለች። ይቺ ልጅ ናት እንግዲህ የቁም ሳጥን ያህል በምትጠብ ክፍል፣ በላምባ ሽታ ታፍና፣ የሰው ጠመንጃ ስትወለውል የምታድገው። አንድ መስኮት አለ፣ እሱም በብረት ፍርግርግ የታጠረ። የትምህርት ቤት ሩጫ ቀን ሽጉጥ ተፈትቶ ነበር። የጓደኛዋ እህት ስትሞሸርም ጠመንጃ ተፈትቶ ነበር፤ ሙሽሮቹ ሲያልፉ በፍርግርጉ አየቻቸው፣ ማለቴ ግማሻቸውን፣ ሙሽራውን የመብራት እንጨቱ ከልሎባታል።

ዛሬ ግን ሌላ ቀን ነው። ዛሬ የቲያትር ቡድኑ መኪና መንገዱ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ የትምህርት እረፍቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ሊዞሩ፣ እሷ ደግሞ ዳኛዋን ሆና ልትጫወት! ዳኛዋን እኮ ነው! መዶሻ ሁሉ አላት! እሷ ከቀረች ቦታውን የምትይዘው ያቺ ንግግሯ መሀል የምታስነጥሰው ልጅ ናት። ሻንጣዋን አዘጋጅታለች፣ ጫማዋን አስራለች፣ አባቷም "እሺ" ብሏል፣ ያውም አክስቷ ፊት።

ልትሰናበተው ወርክሾፑ ብቅ ስትል ጠረጴዛው ላይ ያ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ተጋድሟል።

"የእርሻ ጥበቃው ነው ያመጣው" አለ አባቷ፣ ቀና ሳይል። "አንዴ ይተኩስና ባዶውን ቀለህ ነክሶ ይቀራል። ከርከሮዎቹ ጭራሽ ለመዱት፤ አንዱን ድምፅ ሰምተው ተረጋግተው በቆሎውን ይበሉበታል።"

"አባዬ፣ መኪናው…"

"እቺን ብቻ።"

"አባዬ እኮ!"

"እቺን ብቻ ፍቺልኝና ትሄጃለሽ።"

ቀጭ! በሩ ተቆለፈ። የፌንጣ ልብ እዚያው ወለቀ።

ግን ይሁን አለች። እጇ ፈጣን ነው። መቀባበያውን ስባ ጥይት አለመኖሩን መጀመሪያ በዓይኗ አየች፣ ከዚያ ደግሞ ትንሿን ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች፤ ይሄን ሳታደርግ አንድ ብሎን ብትነካ አባቷ ጣቷን ነው የሚፈታው። ባዶ ነው። ጠመንጃው ከእነዚያ ራሳቸው ከሚያቀባብሉት አሮጌዎች ነው፤ ሲተኮስ አፈሙዙ በሙሉ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ባዶውን ቀለህ ወርውሮ፣ አዲሱን ጎርሶ ይመለሳል። ፊት ለፊት ያለችውን ክዳን ጠመዘዘች፣ የእጅ መያዣውን እንጨት አወጣች፣ አፈሙዙን ሳበችው። ከሥሩ የጥይት ቱቦው ቀረ፣ ቱቦው ላይ የተጠመጠመው ረጅሙ ሞላ፣ ከሞላው ጫፍ ደግሞ አንዲት የነሐስ ቀለበት። ቀለበቷ የጠመንጃው ፍሬን ናት። ቱቦውን አቅፋ ይዛ፣ አፈሙዙ እንደ እብድ እንዳይወረወር ታዘገየዋለች። አንደኛው ጠርዟ ወደ ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ተሞርዷል፤ ያ ጠርዝ ወደ ፊት ማየት አለበት። ካልሆነ በጣም ትጨብጣለች፣ አፈሙዙ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ቀለሁም አፉ ላይ ይቀራል።

ሰያፉ ጠርዝ ወደ ኋላ ነው የሚያየው።

"አገኘሁት!" ፌንጣ ከወንበሯ ዘለለች። "አባዬ፣ ተገልብጣ ነው የተገጠመችው! ወይ ጉድ! ማነው ይሄን የገጠመው? ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ? እንዲህ ዓይነቱን ሰው እኮ ጠመንጃ ቀርቶ ጃንጥላ ማስነካት አያስፈልግም!"

እየሳቀች ዞር ስትል አባቷ አይስቅም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ ይጠርጋል፤ ይጠርጋል።

"ጥረጊው" አላት በመጨረሻ። "ከተፈታ አይቀር ይጽዳ።"

ጠረገችው። ላምባ በቆርቆሮ ቀዳች፣ ቱቦው ላይ የደረቀውን የዘይት ዝቃጭ በቡሩሽ ፈገፈገች፣ ቀለህ ማውጫዋ ሥር የተጠቀጠቀውን ጥቀርሻ በክብሪት እንጨት ጫረች፣ ረጅሙን ዘንግ ጨርቅ አልብሳ አፈሙዙ ውስጥ አመላለሰች። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ንጹሕ። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙራ ስታይበት ውስጡ እንደ መስታወት አበራ፤ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ቁራጭ መንገድ ታየ፣ መንገዱ ላይ አንድ እግር፣ እግሩ ላይ የአክስቷ ጫማ።

"እስካሁን?!" አክስቷ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ጨበጠች። የአባቷ ታላቅ እህት ናት፣ ድምፅዋ ግድግዳ ይበሳል። "ሾፌሩ ጡሩንባውን ሊያቃጥለው ነው! ልጄ፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

"መጣሁ አክስቴ! መግጠም ብቻ ነው የቀረኝ!"

ቆርቆሮውን ደፋች፣ እጇን በጨርቅ አበሰች፣ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ፎጣው ላይ ዕቃዎቹ እንደወጡበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፦ ክዳኗ፣ እንጨቱ፣ አፈሙዙ፣ ከዚያ… ከዚያ ሞላው።

ቀለበቷ የለችም።

"አባዬ፣ ቀለበቷስ?"

"እዚያው አይደለችም?"

"የለችም!"

"ወድቃ ይሆናላ" አለ አባቷ፣ ከመሳቢያው ማግኔቱን አወጣ። ማግኔቱ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ነው፣ በሲባጎ ታስሯል፤ ዕቃ ሲወድቅባቸው ወለሉን የሚያስሱበት እሱ ነው። አባቷ በጉልበቱ ተንበረከከና በአንድ እጁ ማግኔቱን እየጎተተ፣ በሌላው እጁ የሹራብ ቆቡን ጫን አድርጎ እንደያዘ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

ፌንጣ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ከሞርሳው ሥር አየች። ከሳጥኖቹ ኋላ አየች። መጥረጊያውን አራገፈች፣ የላምባውን ቆርቆሮ ገለበጠች፣ ጫማዋን ፈታ ሶሉን አየች፣ የአባቷንም ጫማ አየች፣ ፀጉሯን ሳይቀር በተነች! ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ክፍሏ እየጠበበች እየጠበበች መጣች እላችኋለሁ፤ ግድግዳው ትከሻዋን የነካት መሰላት። ውጭ ጡሩንባው ጮኸ። ረጅም ነው፣ የተናደደ ሰው ጡሩንባ።

"በሩን ክፈትላት፣ አንተ ግትር!" አክስቷ ፍርግርጉን ነቀነቀችው።

"ዕቃ ጎድሎ በር አይከፈትም።"

"በር ነው ወይስ የመንግሥት ካዝና?"

"ሕግ ሕግ ነው፣ እታለም!" አለ ከጠረጴዛው ሥር።

"ሕግህን ይዘህ አርጅ! እኔ ከሾፌሩ ጋር ልነጋገር" ብላ አክስቷ እያጉረመረመች ሄደች፣ ጫማዋ ቋ ቋ እያለ።

ፌንጣ ጥግ ላይ ጭብጥ ብላ ተቀመጠች። እሷ! ተቀመጠች! ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያቺ አስነጣሽዋ የዳኛዋን ካባ ለብሳ ታየቻት፤ "ፍርድ ቤቱ… እ… እንጥሽ!" ስትል። ክረምት ይመጣል ክረምት ይሄዳል፣ እሷ እዚሁ ናት፤ የሰው ጠመንጃ ይመጣል፣ ይጸዳል፣ በበሩ ይወጣል። እሷ ናት የማትወጣው። ጠመንጃ እንኳ ከእሷ ይሻላል።

ማግኔቱ ወለሉ ላይ ይጎተታል። ኪሽ… ኪሽ… አንድ ምስማር ያዘ። አባቷ ምስማሩን አላቀቀ። ኪሽ… ኪሽ… የብረት ብናኝ ያዘ።

ፌንጣ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ እንባዋ ባለበት ቆመ።

ቀለበቷ ነሐስ ናት።

ማግኔት ነሐስ አይዝም! ይሄን ያስተማራት ማን ሆነና? ገና በርጩማ ላይ ቆማ ጠረጴዛው ላይ ስትደርስ፣ በዚሁ ማግኔት ምስማርና የነሐስ ብሎን እያስለየ ያጫወታት እሱ ራሱ ነው። አሁን ያ ሰው ነው ነሐስ በማግኔት የሚፈልገው? የምትጠፋ የነሐስ ዕቃ በመጥረጊያና በባትሪ ነው የምትፈለገው፤ እሱ ግን ባትሪውን ከግድግዳው አላወረደውም። ማግኔቱን የሚጎትተው ወለሉ ላይ እንደሌለች ስለሚያውቅ ነው።

ደሟ ፈላ። ልትጮህ አፏን ከፈተች… ከዚያ ያ እጁ። ቆቡን የያዘው እጁ። ደግሞ ያ መነጽር፣ ያ ጥረጋ። ባለፈው እሷ ለልምምድ ስትጠፋ የእርሻ ጥበቃው መጥቶ ነበር፤ አባቷም "ቀላል ነገር ነች፣ ብቻዬን ጨረስኳት" ብሏት ነበር። ብቻዬን። ቀለበቷን ገልብጦ የገጠማት ሰውዬ፣ ያ ጃንጥላ እንኳ እንዳይነካ የተባለው ሰውዬ፣ ከጠረጴዛ ሥር በጉልበቱ እየሄደ ነው።

አፏን ዘጋች። ተንበርክካ አጠገቡ ሄደች።

"አባዬ።"

"እፈልጋለሁ፣ ቆይ።"

"ማግኔት ነሐስ ይይዛል?"

ኪሽ ኪሹ ቆመ። አባቷ በጉልበቱ እየሄደ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ። ቀለበቷ ራሰ በራው መሀል ላይ ቁጭ ብላለች! አንስቶ ሲሰጣት ክብ ምልክት ትታበት ቀረች፤ ፌንጣ በዚያ ሁሉ ንዴቷ መሀል ሳቋ አመለጣት።

"ጠርዟ አይታየኝም" አለ አባቷ፣ ወለሉን እያየ። "በመነጽርም አይታየኝም። አንቺ ከሄድሽ እንደገና ገልብጬ እገጥማለሁ። ከዚያ ደግሞ አንዱ ይመጣና ማነው ዓይኑን ጨፍኖ የገጠመው ይለኛል።"

ፌንጣ ክው አለች። ጡሩንባው እንደገና ጮኸ፣ ከዚያ መሀል ላይ ድንገት ተቋረጠ። ሄዱ፣ አለች በልቧ። አሁን ሄዱ።

በሩን ክፈት ልትል ትችል ነበር። ቀለበቷን እሷ ራሷ ገጥማ፣ ቁልፉን ነጥቃ ልትሮጥ ትችል ነበር። ግን እንዲያ ብትወጣ እሱ ነው ተቆልፎበት የሚቀረው፤ ነገ ሌላ ጠመንጃ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ "ነይ" የሚል ስልክ።

"ተነስ" አለችው። "ቁጭ በል። ዓይንህን ጨፍን።"

"ምን?"

"ጨፍን አልኩህ!" የዳኛዋ ድምፅ ነው የወጣላት፣ ያ ያጠናችው። አባቷ ጨፈነ።

ቀለበቷን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። "በአውራ ጣትህ ጥፍር ዙሪያዋን ሂድባት። አንደኛው ወገን ጥፍርህን ያቆመዋል። ሌላኛው…"

"ያንሸራትተዋል" አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

"የቱ ነው ወደ ፊት?"

"የሚያንሸራትተው።"

"ግጠማት።"

ሞላውን ቱቦው ላይ አለበሰ። ቀለበቷን በጥፍሩ ዞራት፣ አንዴ ገለበጣት፣ እንደገና ዞራት፣ አስገባት። አፈሙዙን፣ እንጨቱን፣ ክዳኗን። ዓይኑን አንድም ጊዜ አልገለጠም። ያ አሮጌ እጁ ብረቱ ላይ ሲሄድ ቤቱን በጨለማ የሚዞር ሰው ይመስል ነበር፤ የቱ ጋ ምን እንዳለ ያውቃል። ፌንጣ ለመፈተሻ ከእንጨት የተቀረፀውን የውሸት ጥይት አጎረሰችለት። አባቷ አፈሙዙን ጉማጅ እንጨት ላይ አቁሞ ጠመንጃውን በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ተጫነው። አፈሙዙ ተንሸራተተ፣ ሳይንገዳገድ እስከ መጨረሻው ገባ። ለቀቀው። ቀጭ ቸ! የእንጨቱ ጥይት ተስፈንጥሮ የፌንጣን ግንባር መታ።

"ዋይ!"

"ሠራ?" አባቷ አሁንም ጨፍኖ ነው።

"ግንባሬን ጠይቀው!"

አባቷ ዓይኑን ገለጠና ግንባሯን አየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን፣ ከዚያ በሩን። ቁልፉን አወጣ። የቁልፉን ቀዳዳ ለማግኘት ጥቂት ታገለ፤ ፌንጣ ልትረዳው እጇን ሰነዘረች፣ መልሳ ሰበሰበችው። በጥፍሩ ዳሰሰና አገኘው።

ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። ሻንጣዋን አንጠልጥላ እግሬ አውጪኝ አለች! መንገዱ አፍ ላይ ስትደርስ ግን አላመነችም፦ መኪናው እዚያው ነው! ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ፀጉሩን ሊነጭ ደርሷል፣ ቡድኑ በሙሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይስቃል። የመኪናው አፍንጫ ላይ አክስቷ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች፣ ጣቷ ላይ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረች።

"ቁልፍ ኪሱ መክተት የሚችለው እሱ ብቻ መሰለው እንዴ?" አለች።

ፌንጣ መኪናው ውስጥ ዘላ ገባች። ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኋላ ዞረች፤ አባቷ በሩ ላይ ቆሟል፣ እሷ ያለችበት መስኮት የቱ እንደሆነ አልታየውም መሰል፣ ወደ ሁሉም መስኮቶች እጁን ያወዛውዛል። ቆቡን ረስቶታል። ያቺ ክብ ምልክት ራሱ ላይ ፀሐይ እየመታት ከሩቅ ትታያለች።