አሥራ አራት ቁጥር ወንበር

ሰውየው «ወንበሩ የእኔ ነው» ይላል፤ ሴትዮዋ «የእኔ ነው» ትላለች፤ ሁለቱም ቲኬታቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቅነዋል። አየኋቸው። አሥራ አራት ቁጥር፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት። አንዱም የተጭበረበረ አይደለም፤ ሁለቱንም የሸጠው እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሴትዮዋ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ሰውየው ቦርሳው ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ከቢሮ የሚሽከረከር ወንበር ጎትቼ አመጣሁለትና መተላለፊያው ላይ ሆኖ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞረ ቴአትሩን አየ።

በማግስቱ የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አስጠሩኝ። በሌሉበት «አቶ ለነገሩ» እንላቸዋለን፤ «ለነገሩ» ሳይሉ አፋቸው አይከፈትም።

«ለነገሩ፣ በሰው እጅ ሲሸጥ እንዲህ ያለ ጉድ አላየንም» አሉ። «ለነገሩ፣ አክስትሽ ሠላሳ ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጣ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው አልሸጠችም። ቅዳሜ አዲሱ ቴአትር ይከፈታል። አንድ ወንበር፣ አንድ ብቻ፣ ሁለት ሰው ከተጣላበት ማሽንሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። የመስኮቱ ቁልፍ ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ቁልፉን አውጥተው አንቃጨሉብኝ። አሁን እሱን ማሳየት ምን ያስፈልግ ነበር?

አክስትሽ ያሏት የአባቴ እህት ናት። እሷ አንደኛው የቲኬት መስኮት ላይ፣ ባሏ ሁለተኛው መስኮት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል። ቲኬት በስልክ ይሸጥ ሲባል «የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር አሳምራ ታውቃለች» ብላ ሥራውን ያስገኘችልኝ እሷው ነች። ሥራውን ጨረስኩ፤ ሁለቱም መስኮቶች ተዘጉ። አንድም ቀን ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። አሁን ደግሞ ፕሮግራሜ ከተጣለ ከሥራዋ ያስነሣኋት በከንቱ ነው ማለት ነው። ይሄንን ሳስብ እንቅልፍም ምግብም አስጠላኝ።

ሰኞ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ጥፋቱን ፍለጋ ተነሣሁ። አሥራ አራት ቁጥርን ገዛሁ፤ ሸጠልኝ። እንደገና ልግዛ አልኩ፤ «ተሸጧል» አለኝ። ሺህ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሺህ ጊዜ ልክ። ንዴቴ መጣና አምሳ የውሸት ገዢዎችን በአንድ ጊዜ ለቀቅኩበት። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ከመድረኩ ፊት ለፊት ስለሆኑ ሁሉም የሚሮጠው ወደ እነሱ ነው። ምሳዬን በልቼ ስመለስ አሥራ አራት ለሁለት ሰው ተሽጦ ጠበቀኝ። ያዝኩህ ብዬ እያንዳንዷን እርምጃ እየጻፈ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት፤ መጻፉ ስላዘገየው ነው መሰለኝ ጥፋቱ ድራሹ ጠፋ። መጻፉን ሳስቆመው ተመለሰ። ሳየው ጨዋ፣ ዞር ስል ሌባ! ኪቦርዱን በጡጫ ብለው አንዷ ፊደል ተነቅላ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። እስከ ማክሰኞ ማታ ያችን ፊደል እንኳ አላገኘኋትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ የድሮው የወንበር ሰሌዳ ተሰቅሏል። መስኮቶቹ ሲዘጉ ሊጣል ነበር፤ የአክስቴ ባል ተሸክሞ አመጣው። ሦስት መቶ ሚስማር የተመታበት ትልቅ እንጨት ነው፤ በየሚስማሩ ቁጥር ያለባት የቆርቆሮ ታርጋ ተንጠልጥላበታለች። አሁን መቶ ስድስት ላይ የቤት ቁልፍ፣ ሃያ ሁለት ላይ የአክስቴ መነጽር ተሰቅሏል። መነጽሬ የት ገባ ስትል ባሏ «ሃያ ሁለት!» ይላታል።

«ምነው ከሳሽ?» አለችኝ ገና ከበር። ሳትቀመጥ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት።

«ፕሮግራሜ ውስጥ ስምንት ሻጮች አሉ። ሰዎች አይደሉም፤ ጎን ለጎን፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች ናቸው፤ እኛ ትሬድ እንላቸዋለን።»

«እኛ ሁለት ሆነን እንበቃ ነበር» አለ ባሏ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ሁሉም የሚያዩት አንድ ዝርዝር ነው። አንድ ሻጭ 'ተሸጧል' ብሎ ሲጽፍ ሌላው እንዳይነካው ቆልፌዋለሁ፤ ተራ ይጠብቃሉ። እንዴት አድርገው ለሁለት ይሸጡታል?»

አክስቴ ቅንድቧን አነሣች። «ከመጻፉ በፊትስ ምን ያደርጋል?»

«ያያል። ክፍት ከሆነ ይጽፋል።»

«አይቶ እስኪጽፍ ድረስ ማን ይጠብቅለታል?»

ጥያቄዋን ለራሴ ደገምኩት።

«ነይ ወዲህ» ብላ ሰሌዳው ሥር አቆመችኝ። «ይሄ የተሰቀለው በሁለታችን መስኮት መሃል ነበር። ሰው መጥቶ 'አሥራ አራት አለ?' ሲለኝ፣ በዓይኔ አይቼ 'አለ' አልለውም። መጀመሪያ ታርጋዋን ከሚስማሩ ላይ አነሣለሁ። እጄ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው አፌን የምከፍተው። ካልፈለጋት እመልሳታለሁ፤ ከገዛት ሳጥን ውስጥ እጥላታለሁ። ባሌም በእሱ መስኮት ሆኖ ሰሌዳው ላይ ካጣት 'የለም' ይላል፤ አለቀ።»

«አንድ ጊዜ በዓይኗ አይታ 'አለ' ብላ» ሲል ጀመረ ባሏ።

«አንተ ዝም በል፣ ያ የመጀመሪያው ሳምንቴ ነበር!»

ወይ እኔ! ቁልፉን ያደረግኩት መጻፉ ላይ ብቻ ነበር፤ ማየቱን ሜዳ ላይ ትቼው። አንዱ አይቶ ክፍት ነው ይላል፤ ሊጽፍ ተራ ሲጠብቅ ሌላውም አይቶ ክፍት ነው ብሏል። ከዚያ እንደ ጨዋ ተራቸውን ጠብቀው፣ ሁለቱም አንድ ወንበር ይሸጣሉ። አክስቴን ግንባሯ ላይ ስሜ ወጣሁ፤ ቦርሳዬን ረስቼ እንደገና ተመለስኩ።

በዚያው ምሽት አስተካከልኩት። ማንም ሻጭ ወንበሩን በእጁ ሳይይዝ ክፍት ይሁን አይሁን እንኳ እንዳያይ አደረግኩት። ሐሙስ ጠዋት አምሳዎቹን የውሸት ገዢዎች ለቀቅኳቸው። አንድም ድርብ የለም! ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ቀረሽ ጭፈራ ጨፈርኩ። ጭፈራዬን ሳልጨርስ ስክሪኑ ቀጥ አለ። የምትሽከረከረዋ ክብ ትሽከረከራለች፤ ሌላ ምንም የለም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ትንሽ ሠርቶ እንደገና ቀጥ አለ። ላልቅስ ወይስ ልሳቅ ጠፋኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሼ ሶፋቸው ላይ ተዘረርኩ። «አሁን ደግሞ ጭራሽ አይሸጥም! ሁለት ወንበር ለሚፈልግ ገዢ አንዱ ሻጭ አሥራ አራትን ይዞ አሥራ አምስትን ይጠብቃል። ሌላው አሥራ አምስትን ይዞ አሥራ አራትን ይጠብቃል። ማንም አይለቅም። ቢተዉ እስከ ዓመት ይቆማሉ።»

አክስቴና ባሏ ተያዩ። መጀመሪያ እሱ ፈነዳ፤ ከዚያ እሷ፤ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። እኔ እየነደድኩ እነሱ ይሳሳቃሉ!

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ያ እኮ እኛ ነን» አለ ባሏ። «ገና በተቀጠርኩ በወሩ ነው። የእሷ ገዢ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ይፈልጋል፣ የእኔም ይፈልጋል። እሷ አሥራ አራትን አንሥታለች፣ እኔ አሥራ አምስትን። 'ስጪኝ' አልኳት። 'አንተ ስጠኝ' አለችኝ።»

«በኋላ የመጣው እሱ ነው፣ ለምን እሰጠዋለሁ?»

«ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ደረሰ። ቴአትሩ ግማሽ ሰዓት ዘገየ። ሁለታችንም ታርጋችንን ጨብጠን ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን።»

«በመጨረሻ ማን ለቀቀ?»

«ማንም» አለች አክስቴ በኩራት። «የዚያን ጊዜው አለቃ መጥቶ ከሁለታችንም እጅ ነጠቀን። ከዚያ አንድ ሕግ አወጣ፤ ሁለት ወንበር የሚፈልግ ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር መጀመሪያ ያነሣል። ትንሹን ያልያዘ ትልቁን አይነካም።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሁለቱም መጀመሪያ ወደ አሥራ አራት ይሄዳሉ። አንዱ ያገኛታል። ያጣው ባዶ እጁን ይቆማል እንጂ አሥራ አምስትን ይዞ መንገድ አይዘጋም። ያገኘው አሥራ አምስትንም ወስዶ፣ ሸጦ፣ ይሄዳል። በቃ! ይሄንን ትምህርት ቤት አስተምረውኝ ነበር፤ በሦስት ገጽ ሥዕልና በቀስት። ያኔ ፈተናውን አልፌ ረሳሁት፤ አሁን ግን በሕይወቴ አልረሳውም።

«ሕጉ ከወጣ በኋላ ተስማማችሁ?»

«አገባሁት» አለች አክስቴ። «ሰልፉ እንዳይቆም ብዬ።»

ልወጣ ስል ግን እግሬ በሩ ላይ ቆመ። ስንት ጊዜ ውስጤ የተብላላውን ነገር አወጣሁት። «አክስቴ፣ ቅዳሜ ማሽኑ ቢበላሽ እኮ መስኮትሽ ይከፈት ነበር። ታውቂያለሽ። ለምን ረዳሽኝ?»

መነጽሯን ሃያ ሁለት ላይ ሰቀለች።

«አርፍዶ የሚመጣ ሰው አለና መስኮቱ ቴአትሩ እስኪያልቅ አይዘጋም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲስቅ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ምን አይተው እንደሚስቁ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ሰው ሲወጣ ፊቱን አይቼ ጥሩ ነበር እላለሁ፤ ይኸው ነው» አለች። «በይ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

መንገዱን ሁሉ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሽያጩ ተከፈተ። እንደማንኛውም ሰው በስልኬ ተሽቀዳደምኩና፣ እግዜር ይመስገን፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ለእኔ ደረሱኝ። አትሜ ለአክስቴና ለባሏ ላክሁላቸው። ሦስት መቶው ወንበር በሃያ ደቂቃ አለቀ። ስክሪኑ አንዴም ቀጥ አላለም። ቢሆንም እኔን ማን ያሳምነኛል? ሳየው ጨዋ የሆነ ነገር ከዚህ በፊትም አታሎኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አዳራሹ ጢም አለ። እኔ መግቢያው ጋ ግድግዳ ተደግፌያለሁ፤ አቶ ለነገሩ ከአጠገቤ ቆመው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። ቁልፉ ሲቃጨል ይሰማኛል። ይኼኔ ቦታ የምታሳየው ሴት ከፊት እየሮጠች መጣች።

«ሁለት ሰዎች በአንድ ወንበር እየተጣሉ ነው!»

«ስንት ቁጥር?» አልኩ።

«አሥራ አራት።»

አሥራ አራት የአክስቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ጠብቃ፣ አንድ ቀን ልታይ ብትመጣ፣ የእኔ ማሽን ወንበሯን ለሌላ ሰው ሸጦባታል! ከመስኮቷ አስነሣኋት፤ አሁን ደግሞ ከወንበሯ ላስነሣት ነው። «ለነገሩ» ብለው ጀመሩ ሥራ አስኪያጁ፤ የቀረውን አልሰማሁም። በመተላለፊያው እየተንደረደርኩ፣ የሰው እግር እየረገጥኩ፣ ይቅርታ እያልኩ ደረስኩ።

አክስቴ አሥራ አራት ቁጥር ፊት ለፊት ቆማለች። ከፊቷ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከወንበሩ አልነሣም ያለው ሰው ባሏ ነው። አሥራ አምስት ባዶውን አጠገቡ ተቀምጧል።

«ያዝኩት እኮ!» ይላል። «ትንሹን መጀመሪያ የያዘ እኔ ነኝ። ሕግ ሕግ ነው።»

«ቲኬቱ በእጄ ነው! በእጁ ሳይዝ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ተነሥ!»

እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቄ ከእንባዬ ጋር ተቀላቅሎ መጣ፤ በዙሪያችን ያሉ ሰዎችም እኔን አይተው መሳቅ ጀመሩ። አቶ ለነገሩ ከኋላዬ ደርሰው ሁለቱን ቲኬቶች ተቀበሉ፤ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት።

«ለነገሩ» አሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተለውን አጡ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ተነሥ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ቦታዋን ስጣት።»

ባሏ እያጉረመረመ ወደ አሥራ አምስት ተሸጋገረ። አክስቴ አሥራ አራት ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ መነጽሯን አደረገች። እኔ መተላለፊያው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ቀረሁ። የመስኮቱን ቁልፍ መዳፏ ውስጥ አስገባሁላት፤ አየችውና ጨበጠችው።

መብራቱ ጠፋ። መጋረጃው ተከፈተ፤ መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ባርኔጣ ብቻ አለ። ተዋናይ ገና አልወጣም። አክስቴ ከሁሉም ሰው ቀድማ፣ ጮክ ብላ ሳቀች።