ከወንበሩ እንዳይነሱ

የጋሽ ተድላ አሮጌ ፔጆ ሰበታ፣ ገርባ ጋራዥ ውስጥ፣ የመጠገኛው ጉድጓድ ላይ ቆማለች። የፊት እግሯ ጎሚኒዎች፣ ንዝረት የሚውጡት ላስቲኮች፣ ተበልተው፣ ኮረት በረገጠች ቁጥር ስታንኳኳ ከሩቅ ትሰማ ነበር። መካኒኩ ገርባ ያረጁትን በሞርሳ ጨምቆ አውጥቶ፣ አዲሶቹን በሳሙና አርሶ ከቷቸዋል። የቀረው ብሎኖቹን ማጥበቅ ነው።

ለዚህ ገርባ የማይለቀው ልማድ አለው። መኪና በክሪክ ተንጠልጥላ የጎሚኒ ብሎን አያጠብቅም። ጎማዋ መሬት ረግጦ፣ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ፣ ክብደቷን ስትሸከም ብቻ ነው። ያለዚያ አዲሱ ጎሚኒ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

«ጋሼ፣ እኔ እስክልዎት ከወንበሩ እንዳይነሱ» አለና በስመ አብ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

«ብነሳስ?»

«ከተነሱማ ጉዴ ፈላ።»

ገርባ ሲስቅ ተሰማ። ጋሽ ተድላ ግን አልሳቁም። ቢነሱ መኪናዋ ገርባ ላይ የምትወርድ መሰላቸውና ተደላድለው ተቀመጡ።

ከተማው ማስተር ፕላኑን ተቃውሞ ሱቁን ሁሉ ዘግቷል። ገርባም የቆርቆሮ በሩን መለስ አድርጎ ነበር የሚሠራው። ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር በሩ በርግጫ ተበረገደ። ዱላና ድንጋይ የያዙ ወጣቶች ገቡ፤ አንዱ የሚነድ ጎማ እያንከባለለ አመጣና ከፔጆዋ ጭራ ሥር፣ የጉድጓዱ ደረጃ ላይ ጣለው።

«ሽማግሌው፣ አድማው አንተን አይመለከትም?» አለ ቀይ ሹራብ የለበሰው። «ውረድ፣ ልናቃጥላት ነው።»

«አልወርድም። ከሥር ሰው አለ። ከወረድኩ ትጫነዋለች።»

«ከሥር ያለው የተቃጠለ ዘይት ነው» አለ ሌላው። ሳቁበት።

«ይውረዱ ጋሼ፣ ምንም አትሆንም» ብሎ ገርባ ከጉድጓዱ ጮኸ። ቆርቆሮውን በዱላ ይደበድቡ ስለነበር ማንም አልሰማው። የመጀመሪያው ድንጋይ መስታወቱን አረገፈው። ሁለተኛውን የወረወረው ቀይ ሹራቡ ነው፤ የጋሽ ተድላን ጆሮ ግንድ አገኘው። መሪው ላይ ተደፉ እንጂ አልወረዱም።

የፔጆዋ ወለል በዝገት ተበስቷል። በቀዳዳው ሞቅ ያለ ነገር ገርባ እጅ ላይ ተንጠባጠበ። ጭሱ እያነቀው ወለሉን በመፍቻ ደበደበና በኦሮምኛ ጮኸ።

«ነምኒ ጀላ ጅራ። ሰው አለ ከሥር።»

ዱላው ቆመ። ቀይ ሹራቡ በሆዱ ተኝቶ ሲያይ ከገርባ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ብድግ ብሎ የሚነደውን ጎማ በባዶ እጁ ጎትቶ አወጣው። መዳፉ ተላጠ።

«ኦቦ፣ ውጣ በቃ» አለው።

«ጋሼን ሐኪም ቤት በምን ልናደርሳቸው? የቀኙ ብሎን ካልጠበቀ እግሯ መንገድ ላይ ይወልቃል። የኋላ ወንበር ላይ አስተኟቸውና አንዳችሁ እሳቸው ቦታ ተቀመጡ።» ከዚያም ልማዱ ሆኖበት «እኔ እስክል እንዳትነሱ» ሲል ጨመረ። ሐኪም ቤት ለመድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው መቀመጡም ግድ አልነበረም።

ጋሽ ተድላን ወደ ኋላ አዛወሯቸውና ቀይ ሹራቡ ገብቶ ተቀመጠ። ወዲያው አስፋልቱ በኩል የመኪና ሞተር፣ ከዚያ ተኩስ ተሰማ። «ወታደር» አለ አንዱ፤ ሁሉም በጓሮ አጥር ዘለው ጠፉ።

«ልነሳ?» አለ ቀይ ሹራቡ።

«ትንሽ።»

ጥይት ቆርቆሮውን እየበሳ ያልፋል።

«ኦቦ፣ ልነሳ?»

«አንድ ዙር ቀረኝ፣ የኔ ልጅ።»

ገርባ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ መፍቻውን ሳበው። ብሎኑ ጠበቀ። «ተነስ» አለ።

ሲወጣ ልጁ የተላጡ እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አንገቱ ሥር ሹራቡ በጥይት ተበስቶ ከሌላው ይልቅ ቀልቷል። ጋሽ ተድላ ከኋላ ያቃስታሉ።

ገርባ ልጁን ወደ ቀኝ ገፍቶ መሪውን ያዘ። ወታደሮቹ ወደ ላይ ሲያልፉ ጠብቆ፣ በፉሪ በኩል በኮረኮንቹ ወጣ። የፊት እግሯ አላንኳኳም። ጉድጓድ በገቡ ቁጥር ግን ልጁ ከወንበሩ ብድግ ይልና ወደ ፊት ይደፋል፤ ገርባም በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ደረቱን ይይዘዋል።

«ቆይ» ይለዋል፣ «ቆይ፣ እንዳትነሳ።»