የጋሽ ባዘዘው አንገት

ፈሐድ ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው ዘቢደር ሳቋ መጣ። ስንት ጊዜ ስታስበው የኖረችው ነገር ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

«ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው። ይቺን ስክሪንሽ አናት ላይ ትሰቅያታለሽ፤ ይቺን መብራት ያላትን ደግሞ ኮፍያሽ ላይ ትሰኪያታለሽ። ከዚያ ራስሽን ስታዞሪ ጨዋታው ውስጥ ያለው ሹፌርም አብሮሽ ይዞራል። እኔ አልሞከርኩትም፤ ከዱባይ ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ።»

«ካልሠራስ?»

«ውሰጂና ሞክሪው። ግን ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ። ባሕር ዳር የአውሮፕላን ጨዋታ የሚጫወት አንድ ሰውዬ ጠዋት ማታ እየደወለ ‹ላክልኝ› ይለኛል። ያለኝ ደግሞ ይኼው አንዱ ነው።»

ፈሐድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስልክና የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ዘቢደር ከሱ ሱቅ ትንሽ አለፍ ብላ ባነርና ቲሸርት ታትማለች፤ ቤቷ ከፊት ማተሚያ፣ ከኋላ ሳሎን ነው። ለሥራ ብላ የገዛችው ኮምፒውተር ጉልበቱ ከባነር በላይ ስለሆነ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከባድ መኪና ትነዳበታለች። ጨዋታው መሪ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ጭነት ተቀብሎ በሰዓቱ ማድረስ አለው። የሹፌር ልጅ ናት። ትንሽ ሆና አባቷ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው እስከ ደጀን ይወስዷት ነበር፤ የናፍጣ ሽታ እስካሁን ደስ ይላታል።

አንድ ነገር ግን ያናድዳታል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትደርስ ግራና ቀኝ ለማየት ቁልፍ መጫን አለባት። ቁልፉን ስትጫን እጇ መሪውን ይለቃል፣ ምስሉም እንደ ጥፊ ዥው ብሎ ይዞራል። በዚህ የተነሳ የገጨቻቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። በስልኳ ካሜራ ራስን የሚከታተል ነፃ ፕሮግራም ጭናም ሞክራለች። ፀሐይ ሲኖር ደህና ይሠራል፤ ደመና ሲመጣ ግን ሹፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይቀራል። የደብረ ማርቆስ ደመና ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ባሏ አንዷለም የሒሳብ አስተማሪ ነው። ካርቶኑን ይዛ ስትገባ መነጽሩን ወደ ታች አውርዶ አያት።

«አንገት እያለሽ የአንገት ዕቃ ልትገዢ ነው?»

«አንገቴ ስክሪን ውስጥ አይገባም እኮ!»

«እሱስ እውነት ነው» አለ። «ግን ፍሪጁ እንደ ወፍጮ እያጓራ ነው። ከዚህ ይልቅ እሱ አይቀድምም?»

ፍሪጁም የተጠራ ይመስል ከጓዳ አጓራ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራዋን ዘግታ ሞከረችው። ዕቃውን ሰቀለች፣ ኮፍያዋን አጠለቀች፣ መኪናውን አስነሳች። እውነትም ራሷን ወደ ግራ ስታደርግ የግራው መስኮት መጣ፣ ወደ ቀኝ ስታደርግ ቀኙ። በደስታ ጮኸች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዷለም ከጀርባዋ «ሻይ ላፍላልሽ?» ሲላት «እሺ» ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ መንገዱም አብሮ ነቀነቀ። ስታስነጥስ መኪናው ሰማይ አየ። «ስኳር ስንት ላድርግ?» ሲላት ደግሞ ዞር አለችና ተሳቢው አጥር ጥሶ የሰው ማሳ ውስጥ ገባ። አንዷለም የሻይ ማንኪያ እንደያዘ ሶፋው ላይ ወድቆ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ራሷን አዞራት።

ኮፍያውን አውልቃ «በቃ ሰኞ እመልስለታለሁ» አለች። «የባሕር ዳሩ ሰውዬ ይብረርበት።»

እሑድ ምሳ ላይ ወላጆቿ መጡ።

የአባቷን የጋሽ ባዘዘውን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተው ጭረት ያልነካቸው ሰው፣ አንድ የገበያ ቀን ደምበጫ ውስጥ የተሳፈሩባት ባጃጅ ከፈረስ ጋሪ ልትሸሽ ስትል ተገለበጠችባቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንገታቸው ግን ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ጎናቸውን ለማየት እንደ በር መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከጎን ሰላም ያላቸው ሰው መልሱን ለማግኘት እስኪዞሩ መጠበቅ አለበት፤ የማያውቅ ሰው «ጋሽ ባዘዘው ኮሩ» ይላል። እሳቸው «መጽሐፉ አንገተ ደንዳና የሚለው እኔን ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። በመኪና ግን አይቀልዱም። የኋላቸውን ማየት እንደማይችሉ ባወቁ ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ለባለቤቱ መልሰው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጡም። የልጃቸውን ጨዋታ «የሌለ መንገድ» ይሉታል፤ ሲከፈት ወንበራቸውን ወደ ደጅ አዙረው ይቀመጣሉ።

የዚያን ዕለት ግን ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ዝናብ ጣለና ደጅ የሚታይ ነገር ጠፋ። ዘቢደር ዕቃውን ከመመለሷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልንዳበት ብላ ተቀመጠች። አንድ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለጨዋታው የሠራው የዓባይ በረሃ ካርታ ነበራትና እሱን ከፈተች። ከደጀን ተነስታ ገና መውረድ እንደጀመረች ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ መጣ።

«ማርሽሽን ቀንሺ!»

ቀነሰች።

«በፍሬን ብቻ አትውረጂ፣ ይግልብሻል! ኧረ ግራሽን! ግራሽን እይ!»

«አባባ፣ የሌለ መንገድ ነው እኮ።»

«የሌለ ይሁን፤ ገደሉ አለ!»

መኪናውን ዳር ይዛ አቆመችና ተነሳች። «እንግዲያው ይምጡ፣ እርስዎ ያውርዱት።»

ጋሽ ባዘዘው ሚስታቸውን ወይዘሮ ጥሩነሽን አዩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ «ሂድ እንጂ አንተ ሰውዬ! ከኋላ ሆኖ መጮህማ ማን ያቅተዋል?» አሏቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸው መሪው ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ፤ ጨዋታ የያዘ ሰው አይመስሉም ነበር። ዘቢደር ኮፍያውን አጠለቀችላቸው።

ከመነሳታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ሊያዩ ሞከሩ። አንገታቸው የምትሄደው ያቺኑ ትንሿን ያህል ነው፤ ከኋላ የሚያያቸው ሰው የተንቀሳቀሱም አይመስለው። ስክሪኑ ውስጥ ግን የግራው መስኮት መጣ፣ ስፖኪዮው መጣ፣ ከዚያ የተሳቢው ጎን እስከ መጨረሻው ጎማ ድረስ ወለል ብሎ ታየ።

ጋሽ ባዘዘው ደነገጡ። «ማነው ያዞረው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ መዞር አልችልም።»

«ትንሽ ዞረዋል አባባ። ዕቃው እሷን ትንሿን አብዝቶ ነው የሚያሳየው።»

ይህን ስትል ነገሩ ለራሷም ገና ገባት። ትናንት ራሷን ያዞራት ያ አብዝቶ የማዞር ጠባዩ ነበር።

አባቷ ወደ ቀኝ ሞከሩ፤ ቀኙ መጣ። ወደ ግራ ተመለሱ። እንደገና ወደ ቀኝ። የጋቢናውን ጣሪያ አዩ፣ እግራቸው ሥር አዩ፣ የኋላውን መስኮት አዩ። ከኋላቸው የተሰለፉት የጨዋታው መኪኖች ክላክስ ያስጮሃሉ፤ እሳቸው ግን ከነመኖራቸውም ረስተዋቸዋል።

«ጥሩዬ!» ብለው ጮኹ። «ጥሩዬ፣ የኋላ ጎማዬን አየሁት!»

«ምን ሆነ ጎማው?»

«ምንም አልሆነም! አየሁት ነው የምልሽ!» አሉና መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ከሆዳቸው የሚመጣ፣ ትከሻቸውን የሚያርገፈግፍ ሳቅ ነበር፤ ራሳቸው በተርገፈገፈ ቁጥር ተራራው ሁሉ አብሮ ይርገፈገፋል። ያን ሲያዩ ደግሞ የባሰ ሳቁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ዘቢደርም አለቀሰች ይሁን ሳቀች ራሷም አላወቀችውም።

ከዚያ በረሃውን ወረዱ። አወራረዱስ! በየኩርባው አንገታቸውን ቀደም አድርገው እያሻገሩ፣ ለሚመጣ መኪና መንገድ እየለቀቁ፣ በመሐል ደግሞ ቆም እያደረጉ ገደሉን ቁልቁል ያያሉ።

«ስንት ዘመን ስመላለስበት ይኼን ገደል አይቼው አላውቅም» አሉ። «ዓይኔ መንገድ ላይ ነበራ። ለካስ እንዲህ ያምራል!» ትንሽ ወርደው ደግሞ ተቆጡ። «እዚህ ጋ ሸንኮራ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። የት አደረጓቸው? ዝንጀሮዎቹስ? ይኼ ልጅ ካርታውን ሲሠራ ከመኪና አልወረደም!»

ድልድዩን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ ጨዋታው ጭነቱን አንድ ጠባብ መጋዘን ውስጥ በኋላ ማርሽ ያስገቡ አላቸው። ጋሽ ባዘዘው በደስታ ራሳቸውን ረስተው አማቻቸውን ፍለጋ አንገታቸውን ዘወር ሲያደርጉ፣ በአንዷለም ፈንታ ስክሪኑ ላይ የጋቢናው መስኮት መጣባቸውና ጥቂት ግራ ተጋቡ።

«አንዷለም! ረዳት የለኝም እንዴ?»

የሒሳብ አስተማሪው እጅጌውን ሰበሰበ። ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ቁም ሳጥኑን በመዳፉ እየደበደበ፣ መናኸሪያ ያደገ ይመስል መጮህ ጀመረ።

«ና! ና! ና! ግራ ስበር! ና! ቀኝ መልስ! ኧረ ቀስ ጋሼ፣ ግድግዳ አለ! ና! ና! በቃ!»

ተሳቢው ቀጥ ብሎ ገባ። ሳሎኑ በእልልታ ተሞላ። ጎረቤት ያለችው መርየም «ምን ተገኘ? ማን ወለደ?» እያለች በዝናብ ሮጣ መጣች፤ ነገሩ ሲነገራት እሷም ግራ እንደተጋባች እልል አለች።

ማታ ወላጆቿ ከሄዱ በኋላ ባልና ሚስቱ ስለ ዕቃው አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ዘቢደር ልትገዛው ቆርጣለች፤ ከአንዷለም ጋር ስለ ፍሪጁ ክርክር መክፈት አልፈለገችም። ሰኞ ጠዋት «ቀለም ልገዛ ነው» ብላ ወጣች። ፈሐድ ሱቅ ስትደርስ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ከኮቱ አወቀችው፤ ባሏ ነው።

አንዷለም እንደ ተያዘ ሌባ ክው አለ። «እኔ እኮ... ክፍለ ጊዜ የለኝም፤ ፈሐድን ሰላም ልበለው ብዬ ነው።»

«እኔም ቀለም ብዬ ነው» አለች ዘቢደር። ተያዩና ሳቁ።

ፈሐድ ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት እጁን አነሳ። «እናንተ ሰዎች፣ መጀመሪያ ሽማግሌውን አናግሩልኝ። ሱቁን ሳልከፍት ነው በሩ ላይ ያገኘኋቸው።»

ጋሽ ባዘዘው ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መላ ሰውነታቸውን አዙረው ልጃቸውንና አማቻቸውን አዩና እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

«ልገዛው ነው የመጣሁት» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ኮምፒውተር የለዎትም!»

«እሱን በኋላ አስብበታለሁ። መጀመሪያ የባሕር ዳሩ ሰውዬ እንዳይወስድብኝ።»

ሦስቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «እርስዎማ አይሆንም!» «በሞቴ!» እየተባባሉ ባንኮኒውን ሲገፉት የስልክ መሸፈኛዎቹ መሬት ላይ ረገፉ። በመሐል የፈሐድ ስልክ ጮኸ። ፈሐድ ቁጥሩን አይቶ ለሁሉም አሳያቸው። ባሕር ዳር ነው።

«ሄሎ» አለ። «አዎ፣ እሱ ዕቃ... ወንድሜ፣ ምን ልበልህ፣ እዚህ ለሱ ሰልፍ ተይዟል። በአላህ፣ አልዋሸሁህም! ሌላ ሲመጣ የመጀመሪያው አንተ ነህ።»

በስተመጨረሻ ሦስቱ አዋጥተው ገዙት። ውሉንም እዚያው ባንኮኒው ላይ ተዋዋሉ፤ ዕቃው ዘቢደር ቤት ይቀመጣል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሷ ነው፣ እሑድ ከምሳ በኋላ የጋሽ ባዘዘው። አንዷለም ረዳት ሆኖ ይቀጥላል። ስለ ፍሪጁ ማንም አላነሳም። ዘቢደር ስትለምደው ራስ ማዞሩም ተዋት፤ የሚበዛውን መጠን ቀነስ ማድረግ እንደሚቻል አገኘች፤ ለአባቷ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር እስከ መጨረሻው ከፍ ታደርግላቸዋለች። ጋሽ ባዘዘው መንገድ ላይ አሁንም እንደ በር ነው የሚዞሩት፤ ግን ሲዞሩ ይስቃሉ።

በቀጣዩ እሑድ ምሳ እንደተነሳ ጋሽ ባዘዘው ወደ መሪው ሲያመሩ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀደሟቸው። ኮፍያውን ሻሻቸው ላይ አጠለቁ፣ ወንበሩን ወደፊት ሳቡ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ጥሩዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዝም ብለህ ጋቢና ግባ» አሉና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጡት።