በፈቃዷ የተዘጋ መዝገብ

የክልሉ የእኩል መብት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ቆሟል። አካል ጉዳተኛ ተበደልኩ ብሎ ሲመጣ እኛ መርማሪዎቹ እንወርድና በር ላይ ባለችው የጥበቃ ቤት ቃሉን እንቀበላለን። ጥበቃው ከመስማት ብዛት ከእኛ እኩል ሕግ አውቋል። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

ልብስ ሰፊዋንም ያገኘኋት እዚያው ነው። አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዛትም፤ በክራንች ነው የምትሄደው። ምላሷ ግን ከመቀሷ ይስላል። አሥራ አራት ዓመት ዩኒፎርም የሰፋችበት ፋብሪካ የስፌት ክፍሉን ከምድር ወደ ሦስተኛ ፎቅ አዛወረው። ማሽኔን እታች ተዉልኝ ብላ ለመነች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ሁለት ሳምንት ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተሳበች ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት ወደቀች። ገና አልጋ ላይ እያለች "ሥራ ጥላ ጠፍታለች" ብለው አሰናበቷት።

"ካሳውን እነሱው ይብሉት" አለችኝ። "እኔ ማሽኔ ፊት ተመልሼ መቀመጥ ነው የምፈልገው፣ ወንድሜ።"

መዝገቧ ያማረ ነበር። የክፍሉ ተቆጣጣሪ ሳይቀር ሊመሰክርላት ፈርሟል። በዚህ መዝገብ የማያሸንፍ መርማሪ ሥራውን ይልቀቅ እል ነበር።

አሁን ስለ በጀታችን ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ምክር ቤቱ የሚመድብልን በዓመት በዘጋነው መዝገብ ልክ ነው። ሁለት ዓመት ተከራክረን ያሸነፍነው አንድ ይባላል፤ አመልካቹ በፈቃዱ የተወውም አንድ ይባላል። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ተበድሎ አያውቅም። እኛም ብልጦች ነንና ዘዴ ፈጠርን። የበጀት መዝጊያ ሲደርስ አመልካቾችን እየጠራን "አቤቱታዬን በፈቃዴ ትቻለሁ" የሚል ቅጽ እናስፈርማለን። አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ያንኑ አቤቱታ እንደ አዲስ እንከፍተዋለን። እርስ በርሳችን "ማሳደር" እንለዋለን። ስድስት ዓመት ስናሳድር ማንም አልተጎዳም።

በዚያ ዓመት ዘጠኝ መዝገብ ጎደለን። አባ ሰንጠረዥ የምንለው አለቃችን ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን ዘረጋው።

"ይህ ካልሞላ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ትሰናበታላችሁ። የሰፊዋን አሳድራት።"

"እሷ እኮ ለችሎት ደርሳለች፣ አለቃ።"

"ለሁለት ወር ነው። ቢሮው ከሌለ የት ልትከራከርላት ነው?"

ልዋሽ አልችልም፤ የሚሰናበተው እኔ እንደምሆን አውቅ ነበር። ከሁሉም ኋላ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። ቅጹን ይዤ ወረድኩ። ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ትቻለሁ ነው እኮ የሚለው። እኔ መች ተውኩ?"

"ለወጉ ነው፣ እህቴ። ሁለት ወር ብቻ።"

"አይጎዳኝም?"

"በእኔ ይሁንብሽ።"

"አንተ ካልክ እሺ" ብላ ፈረመች። ጭራሽ ቢሯችሁን ካገዘማ ደስ ይለኛል ብላ መረቀችኝ።

ዘጠኙ ሞላ። ምክር ቤቱ ግን በበጀቱ ተጣልቶ ሁለቱ ወር አምስት ሆነ። እስከዚያ አዲስ አቤቱታ እንዳትመዘግቡ የሚል ትእዛዝ ወረደልን። የበጀቱ ደብዳቤ የደረሰ ዕለት ከሁሉ አስቀድሜ የእሷን መዝገብ አወጣሁ። የተሰናበተችበትን ቀን ስቆጥር ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። በደል ከደረሰ ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ አዲስ አቤቱታ አይከፈትበትም። ይህን ለስንቱ አመልካች ያስረዳሁት እኔው ነኝ! ሌሎቹ ሁሉ ገና ብዙ ጊዜ ነበራቸው፤ እሷ ግን ስትፈርም የቀራት ሦስት ወር ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉት ነገር በእኔ ደረሰ። ገደል የገባችው ግን እሷ ናት። አሮጌውን መዝገብ እንክፈተው ብዬ አባ ሰንጠረዥን ለመንኩት።

"በፈቃዷ ትታለች ብለን ሪፖርት አድርገናል። አሁን ዋሽተናል ልንል ነው?" አለኝ። አያይዞም አራተኛ መርማሪ እንደተፈቀደልን አበሰረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፊዋ በጀቱ መለቀቁን ሰምታ መጣች። የሥራ ጋዋኗን አጥባና ተኩሳ በፌስታል ይዛለች፤ ችሎቱ ሲፈርድልኝ በቀጥታ እገባለሁ ብላ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እንግዲህ ሥራዬን ውሃ በላው?"

"አዎ።"

"እነሱ ያደረጉኝን ለእናንተ ከሰስኩ። እናንተ ያደረጋችሁኝንስ ለማን ነው የምከሰው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። መብቱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነካበት ሰው አቤት የሚለው ለእኛው ነው።

"እዚሁ" አልኳት።

"ለእናንተው?"

"ለእኛው።"

ጥበቃው አንገቱን ደፋ። ሰፊዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

"እንግዲያው ወረቀት አውጣ። ጻፍ።"

ቅጹን አወጣሁ። ስሟንና አድራሻዋን ሳልጠይቃት ሞላሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከዚያ በታች "በደሉን የፈጸመው" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሷም ለምን እንደቆምኩ ገባት። ዓመት ሙሉ ወንድሜ ስትለኝ የከረመች ሴት ቀና ብላ አየችኝ።

"ስምዎ ማን ነበር?" አለችኝ።