ዶሮ የዘንዶ ዘር የሆነችበት ቅዳሜ

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ! ሠርግ ደግሳ ስለ ዶሮ ዘር ማንዘር የምትመራመር ሙሽራ የት አይታችኋል? የኔዋ ምስራቅ ናት።

ልጄ እዚሁ ሰቆጣ የሳይንስ መምህርት ናት። እጮኛዋ ኪዳኑም እዚያው አብሯት ያስተምራል። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ በርበሬው ተደልዟል፣ የሠፈሩ ሴት እኔ ቤት ነው የሚውለው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቀረኝ ምኞት ይችን ልጅ ድሬ ማየት ነው። ያውም ለቄስ ገብረ አምላክ ልጅ! ጎረቤታችን ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ እሳቸውን የማያከብር የለም።

በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ሁለቱ ዐውደ ርእይ እናሳያለን ብለው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከተቱ። ዳይኖሰር የሚባል፣ ዱሮ የነበረ አሁን የጠፋ እንስሳ አለ አሉ። ከሽቦና ከጆንያ ቤት የሚያህል ሠርተው አቆሙት። አጠገቡ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ አሰሩ።

«እማዬ፣ ወፎች ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው፤ ዶሮም ጭምር» አለችኝ ምስራቅ።

«ወግጂ እቴ!» ብዬ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ቄስ ገብረ አምላክ ለገበያ መጥተው ኖሮ ወደ አዳራሹ ብቅ አሉ። መስቀል ተሳልመን አስገባናቸው። ያንን ጉድ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩና «ምንድን ነው ይሄ ልጄ?» አሏት። ዳይኖሰር ብትላቸው አልገባቸውም። በአማርኛም በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛም ሌላ ስም ፈልጋ አጣች። ቸኮለችና «ዘንዶ ይበሉት አባ። ዶሮ የዘንዶ ዘር ናት» አለች።

ዘንዶ! ለቄስ! ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋውን!

መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ፣ ቀድሼ፣ በትንሣኤ ሌሊት የምፈታው በዘንዶ ዘር ነው?» አሉ። በቃ፣ ሠርጉ ቀረ አልኩ።

«ቀልዷን ነው አባታችን! ቀልዴን ነው በይ! በይ እንጂ አንቺ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቄሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኪዳኑ፣ አንተም ይህን ታስተምራለህ?»

«እኔ የለሁበትም አባ» አለ ኪዳኑ። «የእሷ ሥራ ነው። ተይ ብያት ነበር።»

ክው አልኩ! ትናንት እኔ ደጅ ተቀምጦ ያንን ጆንያ ሲሰፋ የዋለው ማን ሆነና ነው? ግድግዳው ላይ ስለ ዶሮዋ የተጻፈውስ የማን እጅ ነው? ምስራቅ ትኩር ብላ አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መቋሚያውን አነሣችና ለአባ ሰጠቻቸው።

«አባ፣ ቃሉን አበላሽቻለሁ፤ ይፍቱኝ። ዘንዶ አይደለም፤ እግዚአብሔር የፈጠረው የዱሮ እንስሳ ነው። የዶሮዋን ነገር ግን ቀልዴን ነው አልልም፤ የማምነው ነው።»

ቄሱ የእንስሳውን እግር አዩ፤ የዶሮዋን እግር አዩ፤ መልሰው ያንን አዩ። ግንባራቸው ተፈታ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እሱ ከፈጠረውማ እኔ ምን አግብቶኝ? ያስደነገጠኝ ዘንዶ ያልሽው ነው። በሉ፣ ሠርጋችሁን ደግሱ።»

ተመስገን! እልል ልል እጄን ወደ አፌ አነሣሁ።

«አባ፣ እርስዎን አመሰግናለሁ» አለች ልጄ። «ኪዳኑን ግን አላገባውም።»

«ምን አልሽ?» አልኩ። «አበድሽ?»

«ዛሬ በአባቱ ፊት ከካደኝ፣ ነገ በማን ፊት ይቆምልኛል እማዬ?»

ኪዳኑ ፊቱ አመድ መሰለ። «ደንግጬ እኮ ነው! አባ፣ ይንገሯት እንጂ!»

ቄሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ምን ብዬ ልንገራት? እኔንም ሲቸግርህ ትክደኛለህ» አሉት።

እኔ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።